መጀመሪያ የሚጠየቀው ፋይል

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ «ሆስትስ» የሚባል አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለ። የምትጠቀሙት ሊኑክስ ወይም ማክ ከሆነ «ኢቲሲ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ «ሲስተም 32» ውስጥ ገብታችሁ፣ «ድራይቨርስ»ን አልፋችሁ፣ እዚያም «ኢቲሲ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃችኋል። ብትከፍቱት ብዙ ነገር አታዩም። ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ በግራ በኩል 127.0.0.1 የሚል ቁጥር፣ በቀኝ በኩል «ሎካልሆስት» የሚል ስም። በቃ። አብዛኛው ሰው ይህን ፋይል አንድም ቀን ሳይከፍተው ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይቀየራል።

ግን ይህ ፋይል ሥልጣን አለው። ብሮውዘራችሁ ላይ የአንድ ዌብሳይት ስም ስትጽፉ፣ ኮምፒውተራችሁ ውጭ ያለ ማንንም ሰርቨር ከመጠየቁ በፊት በተለመደው አሠራር መጀመሪያ እዚህ ፋይል ጋ ይመጣል። «ይህን ስም ታውቀዋለህ?» ይለዋል። ፋይሉ መልስ ካለው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ መልሱ እውነት ይሁን ውሸት ማንም አያጣራም። መልስ ከሌለው ብቻ ነው ጥያቄው ወደ ውጭ የሚወጣው።

ይህ ሁሉ ክብር ለሁለት ሦስት መስመር ፋይል ለምን ተሰጠ? መልሱ ታሪክ ነው። አንድ ዘመን ላይ የኔትወርኩ ስሞች በሙሉ የሚኖሩት እንዲህ ባለ አንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ፋይሉን የምትመራው ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች። ዛሬ «ዲኤንኤስ» የምንለው፣ ዓለምን ያዳረሰው የስም ሥርዓት የተወለደው ያ ፋይል ሲከብዳቸው ነው። እና ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከተከተልነው የምናገኘው ጥያቄ የኢንጂነሮች ብቻ አይደለም፦ አንድ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እያንዳንዱ በየራሱ መዝገብ

1969 ሊያልቅ ሲል አርፓኔት የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ኔትወርክ የሚያገናኘው አራት ቦታዎችን ብቻ ነበር፤ ሦስቱ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ ዩታ። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ኬብሉ ውስጥ ስም አይሄድም፣ ቁጥር ነው የሚሄደው። ስም የሚያስፈልገው ለሰው ነው። ስልካችሁ ላይ ያለውን የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? ብዙዎቻችን «እማዬ» የሚለውን እንነካለን እንጂ ቁጥሩን ከረሳነው ቆይተናል። የአርፓኔት ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ በየተቋማቸው ቁጥርና ስም ጎን ለጎን የተጻፈበት የራሳቸው መዝገብ ያዙ።

ችግሩ መዝገቦቹ አለመመሳሰላቸው ነበር። አንዱ ተቋም ለአንድ ማሽን የሰጠው ስም ሌላው ጋ ሌላ ነው። በመስከረም 1971 ማይተር በሚባል የምርምር ድርጅት የምትሠራ ፔጊ ካርፕ የምትባል ባለሙያ «ስሞቹን እንኳ አንድ እናድርጋቸው» የሚል አጭር ሰነድ አቀረበች። አርፓኔት ላይ ሐሳብ የሚቀርበው «አርኤፍሲ» በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው ሰነዶች ነበር። ትርጉሙ በግምት «አስተያየታችሁን ስጡበት» ማለት ነው። የእሷ ቁጥር 226 ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1973፣ የዜሮክስ ምርምር ማዕከል ባልደረባ ፒተር ዶይች በቁጥር 606 ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው የጻፈው የሚመስል ሰነድ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ይፋ የሆነ የስም ዝርዝር ካለን፣ እያንዳንዳችን በየቤታችን የተለያየና ጊዜው ያለፈበት ዝርዝር የምንይዘው ለምንድን ነው? አንድ ፋይል ይኑር፤ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ ይጻፍ፤ የፈለገ መጥቶ ይውሰድ። በሚቀጥለው ወር፣ በጥር 1974፣ በቁጥር 608 ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ፋይሉ እየቆየ «ሆስትስ ነጥብ ቲኤክስቲ» በሚለው ስሙ ታወቀ።

ስም የሚያወጣው ቢሮ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አርፓኔት ላይ ግን ስም የሚያጸድቀው ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ የሚገኝ አንድ ቢሮ ነበር፤ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም የኔትወርክ መረጃ ማዕከል። ማዕከሉን የምትመራው ኤልዛቤት ፌይንለር ትባላለች፤ የሚያውቋት ሁሉ «ጄክ» ነው የሚሏት። የተማረችው ኬሚስትሪ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም የገባችው መረጃ በማደራጀት ሥራ በኩል ነው። በ1972 የኮምፒውተር ማውስን የፈጠረው ዳግላስ ኤንግልባርት ወደ ላብራቶሪው ወሰዳት። የመጀመሪያ ሥራዋ አርፓኔት ላይ ማን ምን እንዳለው የሚገልጽ መመሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ነበር። ከዚያ ማዕከሉ በእጇ ገባ፤ እስከ 1989 ድረስም መራችው።

አሠራሩን ዛሬ ላይ ሆነን ስንሰማው ሳቅ ይመጣል። አዲስ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ኔትወርኩ ላይ ልታስገቡት ነው እንበል። ለማዕከሉ ኢሜይል ትጽፋላችሁ፤ ወይ ትደውላላችሁ። ሠራተኞቹ የፈለጋችሁት ስም ሌላ ሰው እንዳልያዘው ያያሉ። ካልተያዘ ፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ይጨምራሉ፤ የማሽኑ አድራሻ፣ ስሙ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ አዲስ ፋይል ይወጣል። እናንተም፣ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ሁሉም፣ ፋይሉን ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። ካላደረጋችሁ አዲሱ ማሽን ለእናንተ የለም ማለት ነው።

ሳቁ ግን ቶሎ ይቆማል፤ ምክንያቱም ይህ ቢሮ የሚሠራው ከጽሕፈት ሥራ በላይ ነው። ሁለት ተቋማት አንድ ስም ሲፈልጉ ማን ይውሰደው? ስም ምን ያህል ይርዘም? የትኞቹ ፊደላት ይፈቀዱ? እነዚህን የሚወስን ፓርላማ አልነበረም። ኋላ ላይ ወታደራዊውን «ሚል»፣ የትምህርቱን «ኢዲዩ» ብሎ ኮምፒውተሮቹን እንደሚገኙበት ተቋም ዓይነት የመክፈሉ ሐሳብ የመጣውም ከእነ ፌይንለር ቢሮ ነው። ዛሬ በየቀኑ የምንጽፋቸው ጭራዎች እነዚያ ናቸው።

ኔትወርኩ ሲያድግ

በነሐሴ 1981 ፋይሉ ላይ የነበሩት ማሽኖች 213 ነበሩ። በነሐሴ 1983 562 ሆኑ። «ታዲያ ምን አላት? 562 መስመር እኮ ቀላል ፋይል ነው» ትሉ ይሆናል። ፋይሉ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማባዣው ነው። አንድ አዲስ ማሽን ሲመጣ ፋይሉ በአንድ መስመር ይረዝማል፤ በዚያው ቅጽበት ፋይሉን የሚያወርደው ሰውም በአንድ ይጨምራል። 213 ማሽኖች 213 መስመር ያለውን ፋይል አንድ አንድ ጊዜ ቢያወርዱ 45,369 መስመር ይጓጓዛል። 562ቱ ቢያወርዱ 315,844 ነው። በኅዳር 1986 የማሽኖቹ ቁጥር 5,089 ደርሶ ነበር፤ በድሮው መንገድ ቢቀጥል ለአንድ ዙር ብቻ 25 ሚሊዮን 897 ሺህ 921 መስመር ማለት ነው። ፕሮግራም የምትጽፉ ሰዎች ይህን ቀመር ከሩቅ ታውቁታላችሁ፦ ኤን ስኩዌር። ትንሽ ሲሆን የማይታይ፣ ሲያድግ የሚገድል።

ሁለተኛው ችግር የስም ግጭት ነው። መዝገቡ አንድና ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ ሰው «ሜይል» የሚለውን ስም ከያዘ ለሌላው ለዘላለም ተይዟል። ሦስተኛው የጊዜ ልዩነት ነው፤ ፋይሉ ሩቅ ያለው ተቋም እስኪደርስ ድረስ ውስጡ ያለው አንዳንዱ አድራሻ ተቀይሯል። ፌይንለርና ባልደረቦቿ የቻሉትን አድርገዋል። በመጋቢት 1982 ፋይሉን በሙሉ ከማውረድ ይልቅ አንድ ስም ብቻ መጠየቅ የሚቻልበትን አገልግሎት አሰናዱ። ግን ሁሉም ጥያቄ አሁንም ወደ አንድ በር ነው የሚሄደው።

የአባት ስም

በጥር 1982 የኢሜይል ባለሙያዎች ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ተቋም ተሰበሰቡ። ከስብሰባው የወጣው ሐሳብ «ስሞች እርከን ይኑራቸው» የሚል ነው። ያንን ወደ ሥራ የማምጣቱ ጉዳይ የወደቀው እዚያው ተቋም የሚሠራ ጆን ፖስቴል የሚባል ሰው ላይ ነበር። ፖስቴል የአርኤፍሲ ሰነዶች አዘጋጅና የኔትወርኩ ቁጥሮች መዝጋቢ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ ለሚባል ወጣት ባልደረባው አምስት የተለያዩ የመፍትሔ ሐሳቦች ሰጠውና «አስታርቃቸው» አለው። ሞካፔትሪስ አምስቱንም ወደ ጎን አድርጎ የራሱን ሠራ። በኅዳር 1983 በቁጥር 882 እና 883 ወጣ። ዲኤንኤስ የሚባለው ይኸው ነው።

የሐሳቡን እምብርት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከማንም ቀድሞ የሚረዳው ይመስለኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት እያልን እንቀጥላለን። ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ቢኖሩ አይጋጩም፤ አንዱ አበበ ከበደ፣ ሌላው አበበ ተሰማ ነው። ማንም አባት ለልጁ ስም ሲያወጣ የአገሩን አባቶች አያስፈቅድም፤ ከራሱ ልጆች ጋር አለመምታታቱ ይበቃዋል። የዶሜይን ስምም ልክ እንደዚያ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስታነቡት የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው። በመጨረሻ የሚመጣው ዶት ኮም ወይም ዶት ኢቲ የዘር ግንዱ ነው። «ሜይል» የሚባል ማሽን አሁን ሺህ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ የአባቱ ስም ይለየዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ደግሞ የመዝገቡ ክፍፍል ነው። ሙሉውን መዝገብ የሚይዝ ማንም የለም። ከላይ ያለው «ሩት» የሚባለው ሥር የእናንተን ዌብሳይት አያውቅም፤ የሚያውቀው የኮምን መዝገብ ማን እንደያዘው ብቻ ነው። ኮምን የያዘው የእናንተን ገጽ ዝርዝር አያውቅም፤ የሚያውቀው የእናንተ ሰርቨር የት እንዳለ ብቻ ነው። ጥያቄው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ መልሱ ጋ ይደርሳል። የተገኘው መልስ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ በመንገድ ላይ ይታወሳል፤ ሁለተኛው ጠያቂ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ የለበትም።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። በ1984 አራት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባይንድ የሚባለውን የዲኤንኤስ ሶፍትዌር ለዩኒክስ ጻፉ። በጥቅምት 1984 ኮም፣ ኢዲዩ፣ ገቭ፣ ሚል፣ ኦርግና ባለ ሁለት ፊደል የአገር ስሞች በሰነድ ተወሰኑ። በመጋቢት 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የሚባል የኮምፒውተር ኩባንያ የመጀመሪያውን የዶት ኮም ስም አስመዘገበ። በኅዳር 1987 ሞካፔትሪስ ንድፉን አሻሽሎ ዛሬም የምንሠራባቸውን ሁለት ሰነዶች አወጣ፤ ቁጥራቸው 1034 እና 1035 ነው። የማሽኖቹ ቁጥር በጥቅምት 1989 ወደ 159,000፣ በጥር 1992 ወደ 727,000 ደረሰ። የሜንሎ ፓርኩ ፋይል ቢሆን ኖሮ ከብዙ ጊዜ በፊት ይፈርስ ነበር።

የድሮው ፋይል አልሞተም

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቆንጆ ነበር፤ አሮጌው ፋይል ሄደ፣ አዲሱ ሥርዓት መጣ። ግን ሶፍትዌር ውስጥ ነገር አይሞትም። በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ የሜንሎ ፓርኩን ፋይል አውርዶ ወደ ራሱ «ሆስትስ» ፋይል የሚገለብጥ ፕሮግራም ነበረው። ዲኤንኤስ ሲመጣ ፋይሉን ማጥፋት አላስፈለገም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ወይም ማሽኑ ገና ሲነሳ ለራሱ ስም መልስ የሚሰጥ ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ቀረ። ሊኑክስ ላይ የስም አጠያየቅ ቅደም ተከተል የሚጻፍበት ሌላ ፋይል አለ፤ እዚያ ያለው መስመር በተለመደው አቀማመጡ «መጀመሪያ ፋይል፣ ቀጥሎ ዲኤንኤስ» ይላል። ትንሿ ፋይል ከዓለም ሁሉ ትቀድማለች።

ሦስተኛው ቁራጭ «ሪዞልቭ ኮንፍ» የሚባለው ነው። እዚህ ላይ የምትጽፉት የምትጠይቁትን ሰርቨር አድራሻ ነው፤ በስም ሳይሆን በቁጥር። ልብ በሉ፤ ስም የሚነግራችሁን ሰርቨር በስም ልትጠሩት አትችሉም፣ ስሙን ማን ይፈታላችኋል? የሆነ ቦታ ላይ አንድ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ መገኘት አለበት። ይህ እስከ ላይ ድረስ እውነት ነው። ከሥሩ ተነስተው የሚጠይቁት ትልልቆቹ ሰርቨሮች ራሳቸው ሲነሱ የሚያነቡት አጭር ፋይል አላቸው፤ ውስጡ የ13ቱ የሩት ሰርቨር ስሞች ከነአድራሻቸው ተዘርዝረዋል። አድራሻ በስንት ዘመን አንዴ ሲቀየር አዲስ ፋይል ይወጣል፤ ባለሙያዎች ያወርዱታል። ይህን አሠራር ከዚህ በፊት አላየነውም? ዓለምን ያዳረሰው ሥርዓት እምብርት ላይ ያለው 13 ስም የያዘ የሜንሎ ፓርክ ፋይል ነው።

ማለትም ዲኤንኤስ «ማንን አምናለሁ?» የሚለውን ጥያቄ አላጠፋውም። አሳነሰውና ወደ አንድ መስመር ጨመቀው። ያችን መስመር ደግሞ አብዛኞቻችን አንጽፋትም። ካፌ ገብታችሁ ዋይፋይ ስትከፍቱ፣ አድራሻ የሚሰጣችሁ ያው ሳጥን «ስም ስትፈልጉ እገሌን ጠይቁ» ብሎ አብሮ ይነግራችኋል። ኮምፒውተራችሁም «እሺ» ይላል።

እሺ ያለው ሁሉ የሚከፍለው

ይህ «እሺ» ስንት እንደሚያስከፍል የታየባቸው ጊዜያት አሉ። በጥር 2004 የተሰራጨው ማይዱም ቢ የተባለው ቫይረስ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሆስትስ ፋይሉ ላይ መስመሮች ይጨምር ነበር፤ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶችን ስሞች ወደ የትም ወደማይወስድ አድራሻ ያዞራቸዋል። የታመመው ኮምፒውተር መድኃኒቱን ፍለጋ ሲሄድ የራሱ ፋይል በሩን ይዘጋበታል።

በኅዳር 2011 ደግሞ ኤፍቢአይ ዲኤንኤስቼንጀር ለሚባል የማጭበርበር ሥራ ተጠያቂ ናቸው የተባሉ ስድስት ኢስቶኒያውያን መያዛቸውን አስታወቀ። ያደረጉት ነገር ረቂቅ ነው፦ የምትጠይቁትን ሰርቨር የሚናገረውን ያችን አንድ መስመር ወደ ራሳቸው ሰርቨር መቀየር ብቻ። ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ስም በጠየቁ ቁጥር መልሱን የሚያገኙት ከሌቦቹ ነበር። አስገራሚው ነገር ከእስሩ በኋላ የመጣው ነው። ሰርቨሮቹ ቢዘጉ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ኢንተርኔት «ይጠፋበታል»፤ ኬብሉ ደህና ነው፣ ዓለም ደህና ናት፣ የሚጠይቁት ግን የለም። ስለዚህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በቦታው ንጹሕ ሰርቨሮች ተተክተው እስከ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ድረስ መልስ ሲሰጡ ቆዩ።

በመጋቢት 2014 ጥያቄው መንገድ ላይ ወጣ። የቱርክ መንግሥት ትዊተርን ዘጋ፤ መጀመሪያ የተዘጋበት መንገድ በዲኤንኤስ ነበር። የአገሪቱ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ያንን ስም የጠየቀውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ይመሩታል። ኢስታንቡል ውስጥ ወጣቶች ግድግዳ ላይ በቀለም ቁጥር መጻፍ ጀመሩ፦ 8.8.8.8። ከ2009 ጀምሮ ጉግል ለሕዝብ የከፈተው የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ ነው። «ሌላ ሰው ጠይቁ» ማለታቸው ነበር። እስቲ አስቡት፤ የኔትወርክ ሴቲንግ የተቃውሞ መፈክር ሆኖ ግድግዳ ላይ ሲጻፍ። መንግሥትም አልተኛም፤ በወሩ መጨረሻ የቱርክ ኢንተርኔት አቅራቢዎች የጉግልን ሰርቨር መስለው መልስ የሚሰጡ ሰርቨሮች መትከላቸውን ጉግል አረጋገጠ። ቁጥሩም ሲጠራ «አቤት» ያለው ሌላ ሆነ ማለት ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ በሚያዝያ 3 ቀን ትዊተር ተከፈተ።

ከሁሉም ግን ጸጥ ብሎ ያለፈው የ1998ቱ ነው። ያን ጊዜ የሩቱ ዋና ቅጂ የሚቀዳው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ካለው አንድ የግል ኩባንያ ነበር። በጥር 28 ቀን ጆን ፖስቴል ለስምንት የሩት ሰርቨር ባለቤቶች ኢሜይል ጻፈ፦ ከእንግዲህ ሩቱን ከኩባንያው ሳይሆን ከእኔ ቅዱ። ቀየሩ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ማንም ተጠቃሚ ለውጡን አላወቀም፤ ዌብሳይቶች ተከፈቱ፣ ኢሜይል ሄደ። ዋሽንግተን ግን አወቀች፤ ፖስቴል «ሙከራ ነበር» ብሎ እንዲመልሰው ተደረገ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የስሞቹን ሥርዓት የሚያስተዳድረው አይካን የሚባለው ድርጅት ተቋቋመ፤ ፖስቴል በጥቅምት 16 ቀን በ55 ዓመቱ አረፈ። ያ ኢሜይል ግን አንድ ነገር አሳይቶ አለፈ። የሩቱ ሥልጣን የቆመው ሕግ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ሰርቨሮቹን የያዙ ጥቂት ሰዎች ማንን ማመን እንደመረጡ ላይም ነበር።

ፊደላችን የት ገባ?

አሁን ወደ ቤታችን የሚመጣውን ክፍል እንይ። ዶት ኢቲ በ1995 ሩቱ ውስጥ ገብቷል። ኢትዮጵያ ስም አላት ማለት ነው፤ ስሟ ግን በላቲን ፊደል ነው። «ሰላም» ብላችሁ በፊደል የዶሜይን ስም ብትጽፉ ምን ይሆናል? ኬብሉ ውስጥ የሚሄደው «ሰላም» አይደለም። ብሮውዘራችሁ ከመጠየቁ በፊት ስሙን በ«ኤክስኤን» እና በሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር የላቲን ፊደልና ቁጥር ቅልቅል ይቀይረዋል። ሰርቨሩ የሚያውቀው ያንን ነው።

ለምን? ዲኤንኤስ ሌላ ፊደል መሸከም ስለማይችል ይመስላል፤ አይደለም። የሞካፔትሪስ ንድፍ ውስጥ የስሙ ክፍል ማንኛውንም ባይት ሊይዝ ይችላል። ገደቡ የመጣው ከዚያ በፊት ከነበረው ነው። የሜንሎ ፓርኩ ፋይል ደንብ የሚፈቅደው ከኤ እስከ ዜድ ያሉትን ፊደላት፣ ቁጥሮችንና ሰረዝን ብቻ ነበር። የ1987ቱ ሰነድም አሮጌ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲል «ለጊዜው በአርፓኔቱ የስም ደንብ ሂዱ» በሚል መንፈስ መከረ። ሁሉም ሶፍትዌር በዚያ ምክር ላይ ተገነባ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ የዶሜይን ስም በሌሎች ፊደላት የሚጻፍበት መላ ደረጃ የወጣለት በ2003 ነው፤ ከላቲን ውጭ የተጻፉ የመጀመሪያዎቹ የአገር ስሞች ሩቱ ውስጥ የገቡት በ2010 ነው፤ የግብፅ፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በዓረብኛ። ፋይሉ ከሄደ ዘመን አለፈው፤ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ በር ላይ ቆሟል።

ከዚህ ውስጥ ቆም ብዬ የማስበው አንድ ትንሽ ነገር አለ። የድሮው ደንብ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አንድ ነው ብሎ ይቆጥራል። በትልቁም ጻፉት በትንሹ፣ ስሙ ያው ነው። ማንም በዚህ ተከራክሮ አያውቅም፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያያቸው በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ተፈታ። የእኛስ? «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ስም ነው ወይስ ሁለት? ለአማርኛ አንባቢ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። አንዱን ባንክ፣ ሌላውን ሌባ ቢያስመዘግበውስ? ለትግርኛ አንባቢ ደግሞ «ሀ» እና «ሐ» ድምፃቸው ራሱ የተለያየ ነው፤ ለእሱ አንድ ናቸው ማለት ስሙን መቀማት ነው። የአይካን የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ቡድን በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ ሠርቷል። ግን ልዩነቱን አያችሁት? የእነሱ ጥያቄ ጥያቄ መሆኑ እንኳ ሳይታወቅ ተመለሰ፤ የእኛ በኮሚቴ፣ በሰነድ፣ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ። በእነ ፌይንለር ዘመን ማንም እኛን ሊያስቀር አልፈለገም። መዝገቡ ሲጻፍ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበርንም፤ በቃ፣ እሱ ይበቃል።

ለዚህ ነው የኔትወርክ ሴቲንግ አሰልቺ ነገር ነው ሲባል የማልስማማው። ሆስትስ ፋይላችሁን ክፈቱት፤ የማታውቁት መስመር ካለ ማን እንደጻፈው ጠይቁ። የዲኤንኤስ ሰርቨራችሁ ማን እንደሆነ እዩ፤ እናንተ ካልመረጣችሁት ማን እንደመረጠላችሁ እወቁ። 8.8.8.8 መጻፍም ነፃ መውጣት አይደለም፤ ከአንዱ ተጠያቂ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ማንንም ሳያምኑ ስም መፍታት አይቻልም፤ ሞካፔትሪስም ይህን ሊለውጠው አልቻለም። የሚቻለው የታመነው ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ያ ደግሞ በአብዛኛው በአንዲት መስመር ላይ፣ በግልጽ ጽሑፍ፣ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።